ማሲንቆው ዘንበል ሲል ዝም የሚለው ሳጥን

ዕድሜህ ደርሷል ብለው ጋቢ አልብሰው ከሸኙኝ ወዲህ፣ ጎንደር አራዳ ብቅ ባልኩ ቁጥር የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «አያ ካሴ፣ እዚያ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠራ ነበር?» ይለኛል። «ማሲንቆ» እላለሁ። «ማሲንቆማ ድሮም ትሠራ ነበር» ይላል። «ማሲንቆ ሰምቶ መልስ የሚሰጥ ሳጥን» እላለሁ። እዚህ ላይ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ለመሆኑ ጤናህን እንዴት ነህ?» ይለኛል። ስለዚህ ልጽፈው ቆረጥሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄም መጋዝ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። አንባቢዬ፣ ቃል ሲንጋደድብህ አቃንተህ አንብበው እንጂ አትሳቅብኝ። ብትስቅም ግድ የለኝም፤ ሳልጨርስ አልነሳም።

ሙያውን ያስተማረኝ አያ ዘለቀ ነው። አራዳ ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ አጠገብ ጠባብ ቤት ነበረችው። ማሲንቆ ላልሠራ ሰው በአጭሩ ልንገር። ገበታው በማዕዘኑ የሚቆም የእንጨት ሳጥን ነው፤ የፍየል ቆዳ ይወጠርበታል። አንገቱ ረጅም ዘንግ ነው። ከታች እስከ ላይ አንድ ጭብጥ የፈረስ ጭራ ይዘረጋል፤ ብርኩማ የምንላት ትንሽ እንጨት ደግሞ ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ጭራን ሲፈትገው ቆዳው ይናገራል። ሌላው ሁሉ እንጨት ማድረቅ፣ ቆዳ መፋቅና ጭራ መምረጥ ነው።

አያ ዘለቀ ሲራመድ ያላየውን ፈረስ ጭራ አይገዛም። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ይዞኝ ይወጣና ከፈረሶቹ ኋላ ኋላ እየዞረ ጭራቸውን በመዳፉ ይመዝናል። ባለቤቶቹ ግራ ይገባቸዋል።

«ፈረሱን ልትገዛ ነው?»

«የለም፣ ጭራውን።»

«ምነው፣ ፈረሱ ምን ጎደለው?»

«ፈረስህማ ሸጋ ነው። እሱ ለአንተ ይሩጥ፤ ጭራው ለእኔ ያልቅስልኝ።»

የባዝራ ጭራ ደግሞ በነጻ ቢሰጡት አይነካም። «ሽንት ሲነካው የኖረ ጭራ ዘፈኑን ሳይጨርስ ይበጠሳል» ይላል። ከመቃኛው ቀዳዳ በቀር አንገት ላይ መብሻ ማሳረፍ በእሱ ቤት ነውር ነበር። «የሰው አንገት ትበሳለህ?» ይላል። አንድ ቀን ሚስማር ይዤ ብቀርብ መዶሻውን ተቀብሎኝ ለረጅም ጊዜ አልመለሰልኝም።

ከጠባዩ ሁሉ እኔ ላይ የቀረው ግን ሌላ ነው። ማሲንቆው አልቆ አዝማሪው ሊሞክረው ሲመጣ፣ አያ ዘለቀ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጣል። እኔም ዞሬ ሳይ ካገኘኝ ጆሮዬን ይዞ ከጎኑ ያስቀምጠኛል። «ዓይን ሲበላ ጆሮ ይጾማል» ይላል። የሚጫወተው ሰው መልከ መልካም ከሆነ ማሲንቆውም መልካም ይመስልሃል፤ ትከሻው ሲወዛወዝ ድምፁም የሚወዛወዝ ይመስልሃል። እሱ ግን ግድግዳውን እያየ «በግራ በኩል ቆዳው ወፍሯል» ይላል። ስንፍቀው ወፍሮ እናገኘዋለን። እኔም ከዚያ ወዲህ ማሲንቆ ሲነካ ፊቴን አዙሬ ነው የኖርሁ፤ በድግስም ሳይቀር። ሚስቴ «ከሰው ፊት አታሳፍረኝ» እያለች ስትቆነጥጠኝ ኖራለች።

አያ ዘለቀ ካረፈ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። አይከል ወርጄ በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ተቀጠርሁ። አለቃዬ ሁሉን ነገር በሜትር የሚጨርስ ሰው ነበር። እኔ ሳንቃውን በጣቴ እያንኳኳሁ ሳዳምጥ ያየኝና «ካሴ፣ በር አይዘፍንም! ምነው ሥራ ታስፈታኛለህ?» ይላል። «ሲሰነጠቅ ይዘፍናል» እለዋለሁ። እንዲህ እየተነካከስን ብዙ ዘመን አብረን ኖርን። ስለየው እጄን ይዞ አለቀሰ፤ እኔም እንደዚያው። ከዚያ ጎንደር ተመለስሁና ኮሌጁ ወንበርና ጠረጴዛ ለመጠገን ወርክሾፕ አስገባኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን ወር አይዘልም።

እዚያ ነው መምህርት ህሊና የመጣችብኝ። የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ የጎንደር ልጅ፣ ወላጆቿም ሐኪም ቤት ሲሠሩ የኖሩ። ብርኩማው የወለቀ ማሲንቆ ይዛ ገባችና እየጠገንሁላት ሐሳቧን ነገረችኝ። ከአዝማሪ ጋር አብሮ የሚጫወት መሣሪያ ልትሠራ ነው።

«ካሴት ነዋ» አልኋት።

«አይደለም አያ ካሴ። ካሴት የተቀዳውን ይደግማል። ይሄ የተጫወቱለትን ሰምቶ ነው የሚመልሰው።»

«ምን ብሎ ነው የሚመልስ?»

«እሱን እኔም አላውቅም። ቀድሜ ካወቅሁትማ ካሴት ሆነ ማለት ነው።»

ይህች መልስ ደስ አለችኝ። አዝማሪም እንደዚያ ነው፤ አፉን ሲከፍት የሚለውን አያውቅም። ያም ሆኖ «አይሆንም» አልኋት፤ ሰው እንደጠየቀኝ ወዲያው እሺ ማለት አልወድም።

እሺ ያሰኘኝ ሞላ ነው። ሞላ የድሮ ደንበኛዬ፣ ስሙ በወገራም በጎንደርም የታወቀ አዝማሪ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከሚስቱ ከየሺ ጋር ነበር የሚጫወት። እሱ ማሲንቆውን ይዞ ይጀምራል፣ ያቆማል፤ እሷ በድምፅዋ ትመልሳለች፤ እሱ ደግሞ ከእሷ ላይ ይነሳል። የሺ አረፈች። ሞላ ብቻውን መጫወት ያዘ፤ ግን ልማድ ሆኖበት መሀል ላይ ያቆማል። የሚመልስለት የለም። ጨዋታው እየተሸረፈ ሄደ፣ ሰዉም ኦርጋን ተጫዋች መጥራት ጀመረ። አንድ ቀን ወርክሾፕ መጥቶ ሳንቃ ላይ ተቀመጠና፣

«ካሴ» አለኝ፣ «ነገር እጀምራለሁ፣ የሚጨርስልኝ የለም። ይቺን ማሲንቆ ልሰቅላት ነው።»

«ሰቅለህስ ምን ልትሆን?»

«ዘበኛ። ከዘበኛ ማንም መልስ አይጠብቅም።»

እጁን ይዤ መምህርት ህሊና ዘንድ ወሰድሁት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራው ለእኔ የሳጥን ሥራ አልነበረም። ሞላ ማሲንቆውን እንዳይሰቅል ነበር።

ሥራውን ልንገር። መጀመሪያ ለማሲንቆው ጆሮ ሠራንለት። እንደ ሳንቲም የሳሳች የነሐስ ቁራጭ ናት፤ ንዝረቱን ይዛ በሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ታደርሳለች። ቆዳው ላይ ብንለጥፋት ድምፁን አፈነችው። ገበታው ላይ ብናደርጋት የሞላን የጉልበት እንቅስቃሴ ሁሉ ሙዚቃ ነው ብላ አስተላለፈችው። በመጨረሻ ብርኩማዋን ከሥር ፍቄ ከእግሯ በታች አስቀመጥናት። እዚያ ተስማማት።

ቀጥሎ ለኮምፒውተሩ አፍ አበጀንለት። መምህርት ህሊና ከሱቅ ጥቁር ድምፅ ማጉያ ገዝታ መጣች። «ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶ ነው» አልኋት፤ አላኮረፈችም። ከዋንዛ እንጨት ገበታ ጠርቤ የፍየል ቆዳ ወጠርሁበት። እሷ ደግሞ የማጉያውን የሚርገበገብ ልብ አውጥታ ከቆዳው ሥር አጣበቀችው። የመጀመሪያው ቆዳ ወፍሮ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሆነ። ሁለተኛውን አሳስቼ ፋቅሁት፤ ፀሐይ ሲነካው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ሲነካ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር፤ ማሲንቆ የሚመስል፣ ግን የራሱ ድምፅ ያለው ነገር ከኋላዬ ተናገረ። «ሸጋ ነው» አልሁ። እኔ ይቺን ቃል በቀላሉ አላወጣም።

ከዚያ ማስተማሩ መጣ። ሞላ እየመጣ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አንቺሆዬውን፣ አምባሰሉን ሲጫወት ሳጥኑ ያዳምጣል። መምህርት ህሊና የሰጠችው ሕግ ቀላል ነበር። ሞላ ሲያስረዝም አንተ ከሥር ዝቅ ብለህ ሂድ፤ ሞላ ሲያቆም ተራው የአንተ ነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠ። አንድ ከሰዓት ሞላ በባቲ አንዲት ዙር ተጫውቶ አቆመ፤ ሳጥኑ መጨረሻዋን ይዞ ገልብጦ መለሰለት።

«ሌባ!» አለ ሞላ። «ካሴ፣ ሰማኸው? ከአፌ ነጠቀኝ!»

«ነጥቆስ ምን አደረጋት?»

«አሳምሮ አለበሳት፣ ሌባው!»

እልህ ያዘውና ከባድ ከባዱን ወረወረለት። ሳጥኑ አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይስታል፤ ሲስት ደግሞ ሞላ ስህተቱን ይወስድና ዘፈን ያደርገዋል። የሺ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። መምህርት ህሊና ጀርባዬን ስሰጥ ብዙ ጊዜ አይታ ኖሮ፣

«አያ ካሴ፣ ምነው ሁልጊዜ ግድግዳ ያያሉ?» አለችኝ።

የአያ ዘለቀን ቃል ነገርኋት። በጣም ወደደችው። ከዚያ በኋላ እሷም ወንበሯን አዙራ ኮምፒውተሯን ብቻ እያየች ማዳመጥ ያዘች። ሞላ ደግሞ ድሮም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጫወት። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላውን የሚያይ ሰው አልነበረም።

ያንን ያወቅነው ዘግይተን ነው፣ በአደባባይ። አራዳ አንድ ሰርግ ነበር፤ ድንኳን ተጥሎ፣ ከሰዓት በኋላ። ሞላ ማሲንቆውን፣ እኔና መምህርት ህሊና ሳጥኑን ይዘን ገባን። መጀመሪያ አማረ። ሳጥኑ ሲመልስ ሰዉ ወንበሩን እየሳበ ቀረበ። ቀጥሎ የሙሽራይቱ አጎት ተነሡ። ከአይከል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የሙሽራይቱ አባት፣ ወንድማቸው፣ ሰርጉን ሳያይ ሞቷል። እሳቸው በእሱ ፈንታ ቆመው ግጥም ሊሰጡ ነው። እንደምታውቁት እንግዳው «ተቀበል» ይላል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝም ያሰኝና ያዳምጣል፤ ከዚያ ግጥሙን ተቀብሎ ያዜመዋል።

«ተቀበል!» አሉ ሽማግሌው። ሞላ አቆመ።

«ወንድሜ ሆይ…» ብለው ሲጀምሩ ሳጥኑ ገባ። ሞላ አቁሟላ! ለእሱ ተራው ነው። ሽማግሌው ደንገጥ አሉና ጠበቁ። እንደገና «ወንድሜ ሆይ…» አሉ፤ ሳጥኑ እንደገና ገባ፤ ያውም በደስታ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ሳጥኑ ቀድሞ ተቀበለ!» ብሎ ጮኸ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። መምህርት ህሊና ሽቦውን ለመንቀል ስትንደረደር ሽማግሌው ወደ ሳጥኑ ጣታቸውን ቀስረው፣

«ይህ ደግሞ የማን ወገን ነው? የሙሽራው ነው የሙሽራይቱ?» አሉ።

ሳቁ ባሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ተቀመጡ። ሞላ ቢለምናቸው፣ ሙሽራይቱ ራሷ ተነሥታ ብትለምናቸው አልተነሡም። ግጥማቸውን ይዘው ወደ አይከል ተመለሱ።

ስንመለስ ሞላን ቤቱ ድረስ ሸኘነው። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ካሴ፣ አዝማሪ ድምፁ ቢሻክር ይታለፍለታል። ጣቱ ቢሰንፍም ይታለፍለታል። እንግዳ አፍ ላይ የተጫወተ ግን…» አለና ገባ። በነጋታው ማሲንቆውን ሰቀላት። ከሳምንት በኋላ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ዱላ ይዞ ቆሞ አገኘሁት።

ያን ያህል ስንደክም የከረምነው እንግዳ ለሌለበት ድግስ ነበር። ክፍሉ ውስጥ «ተቀበል» ያለ ሰው አልነበረም፤ ማናችንም አላሰብነውም። መምህርት ህሊና ሳጥኑን ትንሽ ቆይቶ እንዲገባ አደረገችው። ያኔ ደግሞ ሁልጊዜ የሚዘገይ ሆነ፤ ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ እንደሚስቅ ሰው። በእግር የሚረገጥ ማቆሚያ እናብጅ ስትል የሞላ እግር ምቱን እንደሚመታበት ነገርኋት። ተስፋ ቆረጥሁ። እሷ ግን የሰርጉን ቪዲዮ ከባለቤቶቹ ለምና አምጥታ፣ አንድ ጠዋት አስጠራችኝ።

«አያ ካሴ፣ ይምጡና ይዩ።»

«እኔ ማየት አልወድም።»

«ለዛሬ ዓይንዎን ያስፈስኩት።»

ድምፁን አጥፍታዋለች። ያለ ድምፅ ማሲንቆ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሰው በመስኮት ሲያወራ እንደማየት ነው። «አንገቱን ይመልከቱ፣ የማሲንቆውን» አለችኝ። ሞላ በራሱ ተራ ሲያቆም የማሲንቆው አንገት ቀጥ እንዳለ ነው። እንግዳ ሲነሣ ግን፣ ገና «ተቀበል» ሳይባል፣ ወደ እንግዳው ዘንበል ይላል፤ ልክ ሰው ጆሮውን እንደሚሰጥ። ግጥሙ ሲያልቅ ይቃናል። ሌሎች ሰርጎች፣ ሌሎች አዝማሪዎች አሳየችኝ። ሁሉም ያዘነብሉታል።

እኔ ያን ሁሉ አንገት ጠርቤ አንዱም ሲዘነብል አላየሁም፤ ግድግዳ ሳይ ነዋ የኖርሁ። ለአያ ዘለቀ ብነግረው ምን ይል ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። መምህርት ህሊናም «እኔንም አዞሩኝ እኮ!» ብላ አብራኝ ሳቀች።

ስልክ ሲጋደም አውቆ ምስሉን የሚያዞርባት ነገር አለች አሉ፤ የጥፍር ያህል ናት። አንገቱን በስተን እናስገባት አለች። እዚህ ላይ ተጣላን።

«አንገት አይበሳም!»

«ትንሽ ቀዳዳ ናት እኮ።»

«ትንሽ ቀዳዳስ በአንቺ አንገት ላይ እንዴት ነው?»

 በማግስቱ ፍቄ ከተረፈኝ ቆዳ ቆርጬ፣ ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር እንደ ክታብ ሰፋሁባትና ለሙከራ ወርክሾፕ በያዝናት ማሲንቆ አንገት ላይ በጠፍር አሰርኋት። መምህርት ህሊና ሳጥኑን አዲስ ሕግ አስተማረችው፤ አንገቱ ዘንበል ካለ፣ እስኪቃና ድረስ፣ የቱንም ያህል ቢቆይ፣ ዝም በል።

ሞላን ማሳመን ከሁሉ ከበደ። መጋዘኑ በር ላይ ሄጄ ማሲንቆውን ከነክታቡ አሳየሁት።

«ለቡዳ ነው?»

«ለእንግዳ ነው።»

ነገሩን አስረዳሁት። ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማሲንቆውን ተቀበለኝና አንዴ አዘነበለው፣ አንዴ አቃናው። «እኔ እንዲህ ማድረጌን አላውቅም» አለ።

«እኛም አላወቅንም።»

«እንደገና ቢያዋርደኝስ?»

«ያኔ እኔም ከጎንህ ዱላ ይዤ እቆማለሁ። ሁለት ዘበኛ ለመጋዘኑ ይጠቅማል።»

አንድ ጊዜ ብቻ አለ። አምባ ጊዮርጊስ የየሺ ዘመዶች ልጅ ክርስትና ሊያስነሡ ነበር፤ ይመጣ ዘንድ ልከውበታል። እዚያ ከተዋረደ ግን ዳግመኛ ማሲንቆ እንዳላሳየው አስማለኝ። ማልሁ።

ሳጥኑን በባትሪ አስነሥተን ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሞላ ጀመረ፤ እጁ ትንሽ ደንዝዟል። ሳጥኑ መለሰለት። ሰዉ ጠጋ አለ። አንድ ጎልማሳ ለሕፃኑ ግጥም ሰጠ፤ አንገቱ ዘንበል አለ፤ ሳጥኑ ዝም። ሞላ ተቀበለና አዜመ፤ ሳጥኑ ተከተለው። መምህርት ህሊና እጄን ጨበጠችው። ገና ነው አልሁ በልቤ።

ከዚያ የየሺ አክስት እትዬ ዘውዴ በምርኩዛቸው ተነሡ። የሺን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሞላ ሲያያቸው ዓይኑን አልጨፈነም።

«ተቀበል ሞላ» አሉት።

አንገቱ ወደ እሳቸው ዘንበል አለ።

«ሁለት ሆነው መጥተው አንዱ ብቻ ሲቀር፣
ማሲንቆ ጨነቀው ከማን ሊነጋገር።»

  የሞላ ደጋን ጭራው ላይ ተኝቶ ቀረ። አንገቱ እንደዘነበለ ነው። እኔ ዓይኔን ከሳጥኑ ላይ መንቀል አቃተኝ፤ አሁን ገባ፣ አሁን አሳፈረን እያልሁ እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድሁ።

«ተዉት» አለችኝ መምህርት ህሊና በሹክሹክታ። «ይጠብቅ።»

ሰዉ ጠበቀ። ሳጥኑም ጠበቀ። ሞላ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ፤ ያልቸኮለ ሰው ሲጠርግ አይታችኋል? እንደዚያ። ከዚያ አንገቱን ራሱ ቀስ አድርጎ አቃናው፣ ደጋኑን ሳበ፣ የአክስቲቱን ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዜመው። ሲያቆም ሳጥኑ ከጨረሰበት ላይ በዝግታ ተነሣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሞላ ሰማው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከእሱ ላይ ደግሞ ተነሣ። እንዲህ እየተቀባበሉ ሄዱ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልያዝሁም። እኔ ፊቴን አላዞርሁም።

ሲያቆሙ እትዬ ዘውዴ አልተቀመጡም ነበር። ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና፣

«ገና አለኝ» አሉ። «ተቀበል።»

ሞላ አንገቱን ወደ እሳቸው ዘንበል አደረገ።